በስልክ አደባባይ ስለ መታየት ለወንዶችና ለሴቶች የተሰጠ ትምህርት

ምስጋና የተገለጠውንና የተሰወረውን ሁሉ ለሚያውቅ ለአላህ ይሁን። ሰላምና እዝነትም በነቢያችን በሙሐመድ፤ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ! አላህ ይዘንልህና ይህን እወቅ። ሰው ራሱን ለሰው የሚያሳይበት መንገድ ከልቡ የሚወጣ ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ልብስና ስለ ሥዕል የሚነገር ትምህርት ሁሉ በመጨረሻው ስለ ልብ የሚነገር ትምህርት ነው። ይህንንም ነገር ወንድ ለሴት ብቻ፤ ሽማግሌም ለወጣት ብቻ የተነገረ አድርጎ እንዳይሰማው አስቀድመን እናሳስባለን።

1ኛ ክፍል፤ ትምህርቱ የተጻፈበት ምክንያት

በኮልፌ ቀራንዮ በአጠና ተራ አካባቢ የሚኖሩ፤ በመርካቶም በጨርቅ ንግድ የሚተዳደሩ አንድ አባት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ እኔ መጡ። በእጃቸው የሴት ልጃቸውን ስልክ ይዘው ነበር፤ ፊታቸውም ከቁጣ የተነሣ ተለዋውጦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ አባያና ሂጃብ በቴሌግራም እያሳየች ትሸጥ ነበር፤ ዋጋውንም በቴሌብር እየተቀበለች ዕቃውን በሞተረኛ ትልክ ነበር። ልብሱ ሲለበስ ምን እንደሚመስል ገዢዎች ስለ ጠየቋት ራሷ ለብሳ ፎቶግራፍ ተነሥታ አወጣች፤ ልብሷም የተሟላ ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ግን ያንን ሥዕል ወስዶ በስሟ ሌላ ገጽ ከፈተ፤ ከሥዕሉም በታች የሚያሳፍር ቃል ጻፈ፤ በእርሷም ስም ከሰዎች ገንዘብ ይለምን ጀመር። ዘመዶች ይህን አይተው ለአባትየው እየደወሉ «ልጅህን አላየህምን?» አሏቸው። እርሳቸውም ስልኩን ቀሙ፤ ንግዱን ዘጉ፤ ልጅቱም ከቤት እንዳትወጣ አዘዙ።

ከዚያም «ሸኽዬ፤ ደግ አላደረግሁምን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር «ሐጂ፤ ደግ አድርገዋል» አልሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ መልሴ የችኰላ ነበር።

በማግስቱ የልጅቱ እናት ከሌላ ሴት ዘመዳቸው ጋር መጥተው ከበሩ አጠገብ ቆሙና እንዲህ አሉኝ። «ኡስታዝ፤ ይቅር ይበሉኝ፤ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። የሰረቀው ሌላ ሰው ነው፤ የታሰረችው ግን ልጄ ናት። የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ስትከፍል የኖረችው በዚያ ንግድ ነው። ወንድሟ ደግሞ የእርሱ ያልሆነ መኪና ላይ ተደግፎ፤ የአባቱን የሱቅ ገንዘብ እየቈጠረ፤ በየቀኑ በቲክቶክ ይታያል። እርሱን ግን እስከ ዛሬ የተቈጣው የለም። ይህ ፍርድ ከኪታብ ነው ወይስ ከሰፈር?»

እኔም የምመልሰው አጣሁ። «ሐጃ፤ ሦስት ቀን ይስጡኝ» ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እነሆ፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት የእኒያ እናት ጥያቄ ያስከተለው ነው።

2ኛ ክፍል፤ ይህ አደባባይ ምን ዓይነት አደባባይ እንደሆነ

በአባቶቻችን ዘመን ሰው ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲፈልግ የዒድ ልብሱን ለብሶ ከነልጆቹ ወደ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። ሥዕሉም በሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወይም በአልበም ተጠብቆ በቁም ሣጥን ይቀመጣል። የሚያየውም ቡና ሊጠጣ የገባ እንግዳ ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ማን እንዳየው ያውቃል፤ ማየት የማይገባው ሰው ሲመጣም አልበሙን አያወጣም።

ዛሬ ግን ሌላ አደባባይ ተከፈተ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፤ ኢንስታግራም በ2010፤ ቴሌግራም በ2013 ተመሠረቱ፤ ቲክቶክም በ2017 ከቻይና ውጭ ላለው ዓለም ቀረበ። በአገራችንም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሱቁና ስልኩ እየተቀራረቡ ሄዱ። ይህ አደባባይ ከፊተኛው በሦስት ነገር ይለያል።

አንደኛው፤ ተመልካቹ አይታወቅም። በመርካቶ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ነጋዴ የገዢውን ዓይን ያያል፤ በስልክ ደጃፍ የቆመ ግን የሚያየው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ሁለተኛው፤ የወጣው አይመለስም። አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ስለ ቃል ነበር፤ ዛሬ ለሥዕልም ይሆናል። ባለቤቱ ቢሰርዘው እንኳ ሌላው ቀድሞ ቀድቶት ይገኛል።

ሦስተኛው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ አደባባዩ ባለቤት አለው። የአደባባዩ ባለቤቶች የሚያተርፉት በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው፤ ሰው ዓይኑን በስልኩ ላይ ባቆየ መጠን ትርፋቸው ይበዛል። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ፊት የሚያመጣው የሚጠቅመውን ሳይሆን ዓይንን የሚያስቆመውን ነው። ልብሱን በመስቀያ ላይ ብቻ ያሳየች ሴት ጥቂት ተመልካች ታገኛለች፤ ፊቷን ያሳየች ብዙ ታገኛለች፤ ተሽኰርምማ የታየችም ከዚያ የበለጠ ታገኛለች። ወጣቱም መልካም ምክር ቢናገር የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ሲሳደብ ወይም ገንዘብ ሲበትን ግን ሺህ ሰው ይሰበሰባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ አደባባይ ሴቲቱን «መልክሽን አምጪ» ይላታል፤ ወንዱንም «ሀብትህንና ጉልበትህን አምጣ» ይለዋል። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ በላይክ ቊጥር ይመዝናቸዋል። ልጆቻችንን «ለምን ታያችሁ?» ብለን ከመቈጣታችን በፊት እንዲታዩ የሚገፋፋቸውን ነገር ማወቅ ይገባናል።

ራስህን ለመመርመር ከወደድህ ያለፈውን አስታውስ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፤ ቴሌግራም፤ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በዚያን ጊዜ ምን ጐደለህ? ደንበኛህን አጥተህ ከሆነ ጉዳትህ የነጋዴ ጉዳት ነው። በውጭ አገር ያለ ወንድምህን ድምፅ አጥተህ ከሆነ ሐዘንህ የዘመድ ሐዘን ነው። የሚያደንቅህን ሰው ብቻ አጥተህ ከሆነ ግን ልብህ ምን እንደ ለመደ እወቅ።

3ኛ ክፍል፤ ትእዛዙ አስቀድሞ ወደ ማን እንደ መጣ

በሱረቱ ኑር 30ኛው አንቀጽ አላህ ምእመናን ወንዶችን ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉና ብልታቸውን እንዲጠብቁ ያዛቸዋል። ከዚህ በኋላ በ31ኛው አንቀጽ ለሴቶቹ ይህንኑ አዝዞ የጌጣቸውንና የልብሳቸውን ነገር ይጨምርላቸዋል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። የሴቲቱ ልብስ ከመጠቀሱ በፊት የወንዱ ዓይን ተጠቅሷል።

ስለዚህ ሌሊት በአልጋው ላይ ተጋድሞ የማያውቃቸውን ሴቶች ሥዕል በጣቱ እያገላበጠ፤ ሲነጋ ደግሞ «የዘመኑ ሴቶች ተበላሹ» ብሎ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የመጣለትን ትእዛዝ ትቶ ለሌላው የመጣውን ያነባል ማለት ነው። ዓይንን መስበር በመንገድ ብቻ አይደለም፤ በመስተዋቱ ላይም ነው። በመንገድ ያለችው ታልፋለች፤ በመስተዋቱ ላይ ያለችውን ግን ደጋግሞ የሚጠራት ራሱ ነው።

ወንዱም የራሱ ትእይንት አለው። በሱረቱል ቀሶስ የተነገረው የቃሩን ታሪክ ምንድን ነው? ቃሩን በጌጡ ሆኖ በሕዝቡ ፊት ወጣ፤ ዱንያን የሚፈልጉትም አይተው ተመኙት፤ ዕውቀት የተሰጣቸው ግን አዘኑላቸው፤ በኋላም ምድር ከነቤቱ ዋጠችው። ቃሩን ወንድ ነበር፤ ትእይንቱም በአደባባይ ነበር። ዛሬ ስልክ በመያዙ ብቻ እያንዳንዱ ወጣት የቃሩንን ሰልፍ በሰፈሩ ሊያደርግ ይችላል። ያልገዛውን መኪና ያሳያል፤ ያልበላውን ምግብ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የአባቱን የንግድ ገንዘብ እንደ ቅጠል ይዘረጋል። ይህን የሚያይ ድሀ ወጣት ልቡ ይሰበራል፤ ሌባውም ሱቁ የት እንደሆነ ይማርበታል።

ከዚህም የረቀቀ አለ፤ እርሱም ሪያእ ነው። ለሰው ይታይ ተብሎ የሚሰጥ ምጽዋት በሱረቱል በቀራህ 264ኛው አንቀጽ በለስላሳ ቋጥኝ ላይ ባለ አፈር ተመስሏል፤ ዝናም ሲመጣ ምንም አይቀርለትም። በረመዷን ለአንዲት ምስኪን እናት ዘይትና ዱቄት ሲሰጥ ካሜራ አቁሞ ፊቷን ለሺህ ሰዎች የሚያሳይ ሰው ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ የራሱን አጅር ይበትናል፤ የእርሷንም ክብር ይወስዳል። እርሷ «አይሆንም» ለማለት አትችልም፤ ዱቄቱ በእጁ ነውና። ሌላውን ለማነሣሣት ካስፈለገ ዱቄቱን አሳይ፤ ፊቷን ተው።

4ኛ ክፍል፤ ሐያእ ከሥራ መደበቅ እንዳልሆነ

አንዳንድ ሰው ሐያእ ማለት ሴት ከሥራና ከዕውቀት መራቋ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ሙሳ ወደ መድየን ውሃ በደረሱ ጊዜ ሁለት ሴቶች በጎቻቸውን ሊያጠጡ መጥተው እረኞቹ እስኪሄዱ ይጠብቁ ነበር። በኋላም አንደኛይቱ በሐያእ እየተራመደች መጥታ የአባቷን መልእክት አደረሰች፤ ይኸው በሱረቱል ቀሶስ 25ኛው አንቀጽ ተነግሯል። ከዚያም ለአባቷ ይህን ሰው ብንቀጥረው፤ ብርቱና ታማኝ ነው ብላ ምክር የሰጠችው ሴት ናት። እርሷ ከቤት ወጥታለች፤ ሠርታለች፤ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ ጉዳይዋ ተነጋግራለች፤ ምክርም ሰጥታለች። ሐያእዋ ግን ከእርሷ አልተለየም። እንግዲህ ሐያእ በአረማመድና በአነጋገር፤ በልብም የሚገኝ ነገር ነው።

ነጋዴዎች ሆይ! እመት ኸዲጃ የመካ ነጋዴ እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ሳይወርድላቸው በፊት የእርሳቸውን ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ሄደዋል። ኸዲጃ ሰው መርጠው ቀጠሩ፤ ሒሳቡንም ተረከቡ። የንግድ ስማቸው የታወቀው በታማኝነት ነው።

የአገራችንም ታሪክ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ሩቅያህ የነቢዩ ልጅ፤ ኡሙ ሰለማህ፤ ኡሙ ሐቢባህና አስማእ ቢንት ዑመይስ ነበሩ። አስማእ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ መዲና ሲመለሱ ዑመር «በስደት ቀድመናችኋል» የሚል ነገር ተናገሯቸው። አስማእም ዝም አላሉም፤ ነገሩን ወደ ነቢዩ አቀረቡት፤ እርሳቸውም የመርከብ ሰዎች የሁለት ስደት ባለቤቶች መሆናቸውን መሰከሩላቸው። ሴት ስለ ክብሯ መናገሯ ሐያእን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ በሐዲስ መጻሕፍት ባልተጻፈም ነበር።

በቅርቡም በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በተከለከሉ ጊዜ ከመቶ የሚበልጡት ለብሔራዊ ፈተና መመዝገብ ተቸግረው ነበር። ጉዳያቸው በመገናኛ ብዙኃንና በስልክ ገጾች ተሰማ፤ ወደ ፍርድ ቤትም ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ታዘዘ። እንግዲህ ያው አደባባይ የአንዲቱን ስም ሲያጠፋ የሌላይቱን አቤቱታ አሰምቷል። ስለዚህ «ስልክ ሐራም ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ የነገሩ መፍትሔ ግን አይደለም።

ስለ ፎቶግራፍና ስለ ፊት መሸፈን ዑለማዎች በሰፊው ተነጋግረዋል፤ አስተያየታቸውም አንድ አይደለም። ሴት ልጅ የምትከተለውን መንገድ ተምራና አውቃ ትያዘው፤ የማይለያዩበትን ግን ሁሉም ይጠብቅ። እርሱም ልብስ ገላን መሸፈኑ፤ ንግግር ከማሽኰርመም መራቁና ሥዕል ለፈተና አለመዘጋጀቱ ነው።

5ኛ ክፍል፤ ስለ እርጥቡ እህል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን በመዲና ገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናም እንደ መታው ነገራቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደ ነበረበት ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስታወቁ።

ይህን ሐዲስ በስልክ ገበያ ላይ አውሉት። ከሌላ ነጋዴ ገጽ የወሰደውን የአባያ ሥዕል ለጥፎ ሌላ ጨርቅ የሚልክ ሰው እርጥቡን ከታች አድርጓል። በፊልተር የጨርቁን ቀለም አብርቶ የሚያሳይም እንዲሁ ነው። የልብሱ ነውር ከላይ ይታይ፤ «ይህ ሥዕል ከአምራቹ የመጣ ነው፤ በእጃችን ያለው በቀለም ጥቂት ይለያል» ተብሎ ይጻፍ። በዚህ የሚቀር ገዢ ቢኖር ከሚመጣው በረካ አይበልጥም።

በሰው መልክም ላይ ይኸው ሕግ አለ። ለጋብቻ የሚፈላለጉ ወንድና ሴት መተያየት በሐዲስ የተፈቀደላቸው እውነቱን አውቀው እንዲስማሙ ነው። ሴቲቱ ፊቷን በፊልተር ለውጣ፤ ወንዱም የሌለውን ሱቅና ያልጨረሰውን ትምህርት ጽፎ ቢተያዩ ገና ሳይጋቡ ተታለዋል። ብዙ ሰው የሴቲቱን ኩል ይቈጥራል እንጂ የወንዱን ውሸት አይቈጥርም። ሁለቱም እርጥብ እህል ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ወንድ ሆኖ በሴት ስምና ሥዕል ገጽ የሚከፍት ሰው አለ። አንዱ ገንዘብ ለማጭበርበር፤ አንዱ የሴቶችን ምሥጢር ለመስማት፤ አንዱም ለመሳለቅ ያደርገዋል። ወንድ ሴትን፤ ሴትም ወንድን መምሰል በሐዲስ የተወገዘ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚህ ላይ ማታለልና የሰውን አውራ መሰለል ሲጨመር ጥፋቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የሰረቀው ሥዕል ደግሞ የአንድ ሰው ልጅ፤ የአንድ ሰው እኅት ነው።

6ኛ ክፍል፤ ነገርን በምላስ ስለ መቀባበል

የልጅቱን ስም ያጠፋው አንዱ ሌባ ብቻ አልነበረም። ሥዕሉን አይቶ «አያችሁ?» እያለ ያስተላለፈው ዘመድ ሁሉ ተካፋይ ነበር።

የእመት ዓኢሻን ታሪክ አስታውሱ። ከበኒ ሙስጦሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ የጠፋባቸውን የአንገት ጌጥ ሲፈልጉ ከሰፈሩ ቀሩ፤ ሰፍዋን የተባለው ባልደረባም አግኝቷቸው በግመል አስቀምጦ አመጣቸው። ሙናፊቆች በዚህ ተነሥተው ወሬ ነዙ፤ ወሬውም አንድ ወር ያህል በመዲና ዞረ። በሱረቱ ኑር የወረዱት አንቀጾች ንጽሕናቸውን ገለጡ፤ ሰዎቹም የማያውቁትን ነገር በምላሳቸው እየተቀባበሉ ቀላል አድርገው በማየታቸው ተገሠጹ። በአላህ ዘንድ ከባድ ነበርና። የዚያን ዘመን ምላስ ዛሬ ጣት ሆኗል። «እኔ አልጻፍሁትም፤ ያስተላለፍሁት ብቻ ነው» የሚል ሰው የወሬ ነጋዴዎቹን ምክንያት ይደግማል።

በዚያው ሱራህ በንጹሕ ሴት ላይ ክስ አቅርቦ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ምስክርነቱም አይቀበሉትም። ሸሪዓ ለሴት ስም ይህን ያህል ጥበቃ ሲያደርግ እኛ አንድ ያልታወቀ ገጽ የጻፈውን እንደ ምስክር ቈጥረን በልጃችን ላይ እንፈርዳለን።

ይህ የአንዲት ልጅ ነገር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በኢንተርኔት በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት አንድ የውጭ የምርምር ተቋም በአማርኛ፤ በአፋን ኦሮሞ፤ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉትን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ዛቻው፤ ስድቡና ማሳፈሩ እንደ ተራ ነገር እንደ ተለመደ፤ ከዚህም የተነሣ ሴቶች ዝምታን እንደሚመርጡ አመልክቷል። ዝም ያለችውን ሴት ግን ሁሉ ሰው ጥፋተኛ ያደርጋታል።

የአገሪቱም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቊጥር 958/2008 በኮምፒውተርና በስልክ የሚያስፈራራንና የሰውን ክብር የሚያዋርድን ሰው ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቊጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስለዚህ የተበደለ ሰው ማስረጃውን ይዞ ወደ ሕግ መሄድ ይችላል፤ ይህም ለራስ መብት መቆም ነው እንጂ ነውር አይደለም።

7ኛ ክፍል፤ ቤተሰብና ነጋዴ ምን ያድርጉ?

አንደኛ፤ በቤትህ አንድ ሚዛን ይኑር። የሴት ልጅህን ገጽ ከመመርመርህ በፊት የወንድ ልጅህንና የራስህን መርምር። ሕጉ ለሁለቱም ይሁን፤ ቅጣቱም ለሁለቱም።

ሁለተኛ፤ ንግድ የሱቁ ስም ይኑረው። ፊት ሳይታይ ልብስ በአሻንጉሊት ወይም በመስቀያ ላይ ሊታይ ይችላል፤ የጨርቁን ዓይነትና ልክ በግልጥ መጻፍ ገዢን ያሳምናል። የሱቁ ስም ቢሰረቅ ሱቁ ይጐዳል፤ የሰው ፊት ቢሰረቅ ሰው ይጐዳል።

ሦስተኛ፤ የቤተሰብ ሥዕል ማን እንደሚያየው ወስን። በስልኩ ላይ ባለው መቈጣጠሪያ ሥዕሉን ለታወቁ ሰዎች ብቻ ማድረግ ይቻላል። የሚስትህን ወይም የእኅትህን ሥዕል ሳትጠይቃት አታውጣ፤ ሥዕሏ አማናዋ ነውና። በሠርግ ቤት በሴቶች ክፍል የተነሣ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፤ ሕፃናትን ጠብቅ። ፌስቡክና ቲክቶክ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ገጽ እንዳይከፍት ይደነግጋሉ። ባለቤቶቹ እንኳ ያልፈቀዱትን እኛ ዝም ለማሰኘት ብለን ለ8 ዓመት ልጅ አንስጥ።

አምስተኛ፤ በደል ሲደርስ የሚከተለውን አድርግ። ሐሰተኛው ገጽ ከመጥፋቱ በፊት ያለውን ሁሉ በሥዕል አስቀር፤ ቀኑንም ጻፍ። ከዚያም ለድርጅቱ አመልክት፤ ዘመድና ደንበኛንም እንዲያመለክቱ ለምን። ለሚያስፈራራህ ሰው ገንዘብ አትክፈል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ይመለሳልና። ወደ ፖሊስም ሂድ። ከሁሉ በፊት ግን ለልጅህ «አምንሻለሁ» በላት።

8ኛ ክፍል፤ የነገሩ ፍጻሜ

በአራተኛው ቀን ወደ እኒያ ቤተሰብ ሄድሁ። በአባትየውም ፊት «ሐጂ፤ ፊተኛው መልሴ ስሕተት ነበር፤ ሳልጠይቅ ፈረድሁ» አልሁ። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ በኋላም ልጃቸውን ጠርተው ስልኳን መለሱላት። ወንድ ልጃቸውንም ጠሩት፤ እርሱም የገንዘቡንና የመኪናውን ሥዕል በእኛ ፊት ሰረዘ። ሐሰተኛው ገጽ ብዙ ሰው ካመለከተበት በኋላ ተዘጋ። ልጅቱም በሱቅ ስም ንግዷን ቀጠለች።

ነገር ግን ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልናገርም። ለጋብቻ ሽማግሌ ሊልኩ የነበሩ ሰዎች ወሬውን ሰምተው ቀሩ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ሥዕሉን ካስተላለፉት ዘመዶች ይቅርታ የጠየቀው አንድ ብቻ ነው። ሐሰተኛ ገጽ በአንድ ሳምንት ይዘጋል፤ በሰው ልብ የተጻፈው ግን በዚያ ፍጥነት አይሰረዝም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ወደ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ጀናዛ ሸኝታችሁ ስትመለሱ ይህን አስቡ። እዚያ የተኙት አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይተዉ ሄደዋል፤ መልካም ስማቸው ግን በሰፈሩ ይነሣል። የእኛ ትውልድ ሲሞት ገጹ አይሞትም። ሥዕላችን፤ ቃላችንና ስድባችን ከእኛ በኋላ ይታያል። ሰው ሲሞት የማይቋረጥ ምጽዋት፤ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓእ የሚያደርግ ደግ ልጅ ካልሆነ በቀር ሥራው እንደሚቋረጥ ተምረናል። እንግዲህ ከእኛ በኋላ የሚቀረው ገጽ ከእነዚህ ከየትኛው ይቈጠራል?

የትምህርቱ ጥያቄዎች፤ በቤተሰብ መካከል የሚጠየቁ

1. በሱረቱ ኑር ዓይንን ስለ መስበር አስቀድሞ የታዘዘው ማን ነው? ይህስ በስልክ ላይ እንዴት ይፈጸማል?
2. የቃሩን ትእይንትና የዛሬ ወጣት ትእይንት በምን ይመሳሰላሉ?
3. የመድየኗ ሴት ሐያእዋን ሳትለቅ የሠራቻቸው ሥራዎች ምንድን ናቸው?
4. በቤታችን ለወንድና ለሴት ልጆች ያለው ሕግ አንድ ነውን? ካልሆነ ልዩነቱ ከኪታብ ነው ወይስ ከሰፈር?
5. በዚህ ወር ያስተላለፍነው፤ እውነቱን ግን ያላጣራነው የሰው ነገር አለን? ካለስ ለማን ይቅርታ እንጠይቅ?

አላህ ሆይ! የምንገልጠውንና የምንሰውረውን አንድ አድርግልን። ዓይናችንን ከሌላው ነውር፤ ጣታችንንም ከሌላው ሥጋ ጠብቅልን። ልጆቻችንን ወንዱንም ሴቲቱንም በሐያእና በክብር አሳድግልን። ስማቸው በግፍ ለጠፋ ንጹሓን አንተ ምስክር ሁንላቸው። በችኰላ የፈረድነውንም ይቅር በለን። አሚን።